ከዛፍ ሥር የሚበቅለው ኤጎፖዲየም፦ ይበላል? ለሪህስ ይጠቅማል?

ጥያቄ | ዛፍ ጥላ

ሰላም ለሁላችሁ። ከቤታችን ጀርባ ባሉት ትልልቅ ዛፎች ሥር፣ ፀሐይ እምብዛም በማይደርስበትና ሣር እንኳ በማይጸድቅበት ቦታ፣ በየዓመቱ በረዶው እንደ ቀለጠ መሬቱን ከዳር እስከ ዳር የሚሸፍን ቅጠል ይወጣል። ስለ ዕፅዋት የሚያውቁ አንድ ጎረቤት አይተውት የካሮትና የድንብላል ዘመድ የሆነው ኤጎፖዲየም ፖዳግራሪያ መሆኑን ነገሩኝ፤ እንግሊዞች «ግራውንድ ኤልደር»፣ ጀርመኖች «ጊርሽ»፣ ሩሲያውያን ደግሞ «ስኒት» እንደሚሉትም ጨመሩልኝ። እኚሁ ጎረቤት ቅጠሉ እንደሚበላና ከጥንት ጀምሮ ለሪህ መድኃኒት ሆኖ ሲሠራበት እንደኖረ አጫወቱኝ። ሌላ ሰው ግን ውሎ ሳያድር ነቅዬ እንዳጠፋው አጥብቆ መከረኝ።

ተክሉ በእርግጥ እሱ መሆኑን በምን አረጋግጣለሁ? የሚበላ ከሆነ መቼ ይቆረጣል፣ እንዴትስ ይዘጋጃል? አባቴ ለረጅም ጊዜ በሪህ የሚሠቃዩ ስለሆነ፣ ቅጠሉ ወይም ሻዩ ሊጠቅማቸው ይችል እንደሆነ በተለይ ማወቅ እፈልጋለሁ። ልንቀለው ወይስ ልተወው የሚለውን የምወስነው ከመልሳችሁ በኋላ ነው።

መልስ 1 | ዕፅ መርማሪ

ከመቅመስዎ በፊት መጠየቅዎ መልካም ነው። ይህ የዕፅዋት ቤተሰብ ከ3,000 በላይ ዝርያዎች ያሉት ሲሆን፣ ካሮት፣ ድንብላል፣ ከሙን፣ እንስላልና ነጭ አዝሙድ ሁሉ የእሱ አባላት ናቸው፤ ሰው የሚገድሉ ተክሎችም እንዲሁ። ሁሉም ማለት ይቻላል ከአንድ ነጥብ ተነሥተው እንደ ጃንጥላ ዘንግ በሚዘረጉ ቀጫጭን እግሮች ላይ ጥቃቅን አበቦችን ስለሚያወጡ፣ «ነጭ ጃንጥላ መሰል አበባ አለው» ብሎ መናገር ቤተሰቡን እንጂ ተክሉን አይለይም።

ስለዚህ ከቅጠሉ ይጀምሩ። ከመሬት በቀጥታ የሚወጣው የኤጎፖዲየም ቅጠል በአንድ ረጅም ዘንግ ላይ ይቆማል፤ ዘንጉ ከላይ በሦስት ይከፈላል፣ እያንዳንዱም ክፋይ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሦስት ቅጠሎችን ይይዛል። በስሌቱ መሠረት ዘጠኝ ሊሆኑ ይገባል፤ ይሁን እንጂ ጎን ለጎን ያሉት ሁለት ቅጠሎች በደንብ ሳይለያዩ ተጣብቀው የሚቀሩበት ጊዜ ብዙ በመሆኑ፣ ሰባት ወይም ስምንት ብቻ ቢቆጥሩ ተክሉ ሌላ ነው ብለው አይደምድሙ። እንዲያውም ይህ በግማሽ ተሰንጥቆ የቀረ ቅጠል ራሱ ጥሩ መለያ ነው። የቅጠሎቹ ቅርጽ ሞላላ ሆኖ ጫፉ የሾለ፣ ጠርዙም የመጋዝ ጥርስ ያለው ነው። ዘንጉን በስለት አቋርጠው ሲያዩት ክብ ሳይሆን ሦስት ማዕዘን ሆኖ ያገኙታል፤ በአንድ ጎኑም ቦይ ይታያል። ጀርመኖች «ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት» በሚል አጭር ግጥም ልጆቻቸውን የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው፤ ሦስት ማዕዘን ያለው ዘንግ፣ ሦስት ክፋይ፣ በየክፋዩ ሦስት ቅጠል።

ተክሉ ሲያብብ ከ30 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ይደርሳል። የአበባው አገዳ ውስጡ ክፍት፣ ላዩ ደግሞ ሸንተረር ያለው ነው። ብዙ ዘመዶቹ አበባው ከሚጀምርበት ነጥብ ሥር ጥቃቅን ቅጠሎችን ሲያወጡ፣ እሱ ከትልቁ እቅፍ ሥርም ሆነ ከትንንሾቹ ሥር ምንም የለውም። ጥቅጥቅ ባለ ጥላ ውስጥ ግን ለዓመታት ሳያብብ ሊኖር ስለሚችል፣ የእርስዎ ተክል አበባ አላሳየም ማለት ከዝርዝሩ ያስወጣዋል ማለት አይደለም። አፈሩን ጫር ቢያደርጉ ደግሞ ራይዞም የሚባለውን፣ ነጭና ቀጭን ሆኖ ከአፈሩ ወለል እምብዛም ሳይርቅ በሁሉም አቅጣጫ የሚሳበውን የመሬት ውስጥ ግንድ ያገኛሉ።

አሁን ወደ አደገኞቹ ልለፍ። ሄምሎክ ወይም ኮኒየም ማኩላተም የሚባለው ተክል አገዳው ፀጉር የሌለው ልሙጥ ሆኖ ወይን ጠጅ ነጠብጣቦች አሉበት፤ ቅጠሉም እጅግ የተበጣጠሰ ስለሆነ ከኤጎፖዲየም ሰፋፊ ቅጠሎች ጋር ጎን ለጎን ለሚያይ ሰው አያሳስትም። አሳሳቹ ጊዜ ሁለቱም ገና ሲያቆጠቁጡ፣ ቅጠላቸው ሳይዘረጋ ያለው ጊዜ ነው። ሶቅራጥስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ዓመት እንዲጠጣ የተፈረደበት መርዝ ከዚህ ተክል የተቀመመ ነው፤ በውስጡ ያለው ኮኒን የጡንቻን ትእዛዝ ስለሚያቋርጥ ሰውየው አእምሮው ሳይደነዝዝ መተንፈስ ያቅተዋል። ሲኩታ ቪሮሳ የተባለው ሌላው ዘመድ ውሃ ባለበት ረግረግ ላይ ይበቅላል፤ ሲኩቶክሲን የሚባለው መርዙ ከባድ መንዘፍዘፍ ያስከትላል። ጥላን የሚወደው ኬሮፊለም ተሙለም ደግሞ ከኤጎፖዲየም ጋር በአንድ አጥር ሥር ሊገኝ ይችላል፤ እሱን የሚለየው ፀጉራምና ነጠብጣብ ያለበት አገዳው ነው። በአንድ ምልክት ብቻ አይፍረዱ፤ ሁሉም ምልክቶች በአንድነት ሲገጥሙ ብቻ ቅጠሉን ወደ ማዕድ ቤት ያስገቡ።

መልስ 2 | ተጠራጣሪ

ዕፅ መርማሪ ስለ ሽታ አልጻፉም። ኤጎፖዲየም ሲታሽ የካሮትና የሴለሪ ዓይነት ደስ የሚል ሽታ እንዳለው፣ ሄምሎክ ግን የአይጥ ሽንት እንደሚሸት ሰምቻለሁ። በሽታ ብቻ መለየት አይቻልም ማለት ነው?

መልስ 3 | ዕፅ መርማሪ

የሽታው ልዩነት እውነት ነው፤ ሆኖም የማልመክርበት ቀላል ምክንያት አለኝ። አንድ ኤጎፖዲየም ካሹ በኋላ ሽታው ጣትዎ ላይ ስለሚቀር፣ ቀጥለው የሚያሹት ቅጠል ሁሉ ኤጎፖዲየም ይሸታል። መርዘኛውን ተክል በባዶ እጅ ማሸትም የሚደገፍ ተግባር አይደለም። ሽታ ዓይን የፈረደውን ያጠናክር ይሆናል እንጂ ብቻውን ዳኛ አይሆንም።

መልስ 4 | ባለ ድስት

ማንነቱ ከተረጋገጠ በኋላ ያለው የእኔ ፈንታ ነው። ምርጡ ቅጠል ከመሬት ሲወጣ ገና እንደ ታጠፈ ያለው፣ ቀለሙ ፈካ ያለና የሚያብረቀርቅ፣ ሲነኩት ለስላሳ የሆነው ነው። ይህን ከዘንጉ ጋር ጥሬውን በሰላጣ ውስጥ ከትፎ መጨመር ይቻላል። ቅጠሉ ተዘርግቶ ሲጠነክር ግን ማብሰል ይሻላል፤ በፈላ ውሃ ለጥቂት ደቂቃ ነክሮ ማውጣትና ከዚያ በሽንኩርትና በቅቤ ወይም በዘይት ማቁላላት ስፒናች በሚገባበት ቦታ ሁሉ ያስገባዋል። ከስፒናች የሚለየው የራሱ መዓዛ ስላለው ነው፤ በፓርስሊና በካሮት ቅጠል መካከል የሆነ፣ ትንሽ የሚሰነፍጥ ነገር አለበት። ያልለመደ ሰው መጀመሪያ ከሌላ ቅጠል ጋር ቀላቅሎ ቢሞክረው ይወደዋል። ብቻውን በብዛት ሲሠራ መዓዛው ሊበዛ ይችላል፤ በእኔ ምላስ አንድ እጅ እሱ፣ ሁለት እጅ ሌላ ቅጠል መሆኑ ይመጥናል።

ካበበ በኋላ ጣዕሙ ይጎመዝዛል፤ ሆድንም ያላላል የሚሉ አሉ። ነገር ግን አበባው ሲመጣ ጊዜው አለፈ ማለት አይደለም፤ መሬት ድረስ ከተቆረጠ ለጋ ቅጠል መልሶ ያወጣልና፣ በየጊዜው የሚቆረጥ ቦታ እስከ መጸው ድረስ ሊበላ የሚችል ቅጠል ይሰጣል። ጥላ ውስጥ ያለው ፀሐይ ላይ ካለው ይልቅ ለስላሳ ሆኖ የሚቆየው ረዘም ላለ ጊዜ ነው፤ በዚህ በኩል ዛፍ ጥላ ዕድለኛ ናቸው።

በተክሉ የትውልድ አገር፣ ማለትም በአውሮፓና በምዕራባዊው እስያ፣ የምግብነት ታሪኩ ረጅም ነው። በጀርመን በጸሎተ ሐሙስ ዕለት ከዘጠኝ ዓይነት ለጋ ቅጠሎች የሚሠራ ሾርባ የቆየ ልማድ ሲሆን፣ ጊርሽ በብዛት ከዘጠኙ አንዱ ይሆናል። እዚያው ጀርመን ጥቂት ዘለላ ቅጠል አጠውልገው በአፕል ጭማቂ ውስጥ ከነከሩ በኋላ ከሎሚና ከጋዝ ውሃ ጋር የሚጠጡትም አሉ፤ ለሞቃት ቀን የሚስማማ መጠጥ ነው። በሩሲያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1833 ያረፉትና በ1903 በቅዱሳን መዝገብ የተጻፉት መነኩሴ የሳሮቭ ሱራፌል፣ በበረሃ ሳሉ ይህንኑ ስኒት በድስት ቀቅለው ይመገቡ እንደነበር፣ ለብርዱ ወራትም አድርቀው ያስቀምጡ እንደነበር ገድላቸው ይናገራል። ሲደርቅ መዓዛው ስለሚቀንስ እኔ ማድረቁን አልመርጥም፤ በፈላ ውሃ ነክሮ ጨምቆ በፍሪዘር ማስቀመጥ ይሻላል።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ቀበሮ በሚዘዋወርበት የመካከለኛው አውሮፓ አካባቢ ከመሬት አጠገብ የሚለቀም ማንኛውም ቅጠል የቀበሮ ኮሶ ትል እንቁላል ሊኖርበት ይችላል። መታጠብ አደጋውን ይቀንሰዋል፤ በሚገባ ማብሰል ያጠፋዋል፤ የቤት ፍሪዘር ቅዝቃዜ ግን እንቁላሉን አይገድለውም። ስለዚህ ያቀዘቀዙትን በኋላ ጥሬውን አይብሉ።

መልስ 5 | ቀማሚ

ስለ ሪህ የተጠየቀውን እኔ ልሞክር፤ መድኃኒት ማደል ሙያዬ ነው።

ሪህ የሚነሣው በደም ውስጥ ያለው ዩሪክ አሲድ በዝቶ መሟሟት ሲያቅተው ነው። መጠኑ በዴሲ ሊትር ከ6.8 ሚሊ ግራም አካባቢ ሲያልፍ አሲዱ መርፌ መሰል ጥቃቅን ክሪስታሎችን ሊሠራና በመገጣጠሚያ ውስጥ ሊከማች ይችላል፤ የሰውነት መከላከያ ክሪስታሎቹን ሲያጠቃ ደግሞ ያ የሚታወቀው እብጠት፣ ትኩሳትና የማያስነካ ሕመም ይመጣል። እንግዲህ አንድ ዕፅ ለሪህ ይጠቅማል ሲባል ከሁለት አንዱን ማድረግ አለበት። ወይ የተቀሰቀሰውን ብግነት ማብረድ ይኖርበታል፣ ወይ ዩሪክ አሲዱን ለዘለቄታው ዝቅ ማድረግ። ሁለቱ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ በባህላዊው ወሬ ውስጥ ግን ሁልጊዜ ተቀላቅለው ይነገራሉ።

ኤጎፖዲየምን በተመለከተ ስለ መጀመሪያው የሚባል ነገር አለ። ተክሉ ፋልካሪንዲዮል የሚባል ንጥረ ነገር አለው፤ ይህም በላቦራቶሪ ውስጥ ኮክስ-1 የተባለውን፣ አስፒሪንና መሰሎቹ የሚገቱትን ኢንዛይም እንደሚገታ ታይቷል። ይህ አጓጊ ቢሆንም በብልቃጥ ውስጥ የታየ ነገር ነው። ቅጠሉን በልቶ ወይም ሻዩን ጠጥቶ ያ ንጥረ ነገር በበቂ መጠን እስከ እግር ጣት መገጣጠሚያ መድረሱ ሌላ ጥያቄ ነው፤ በሪህ ታማሚዎች ላይ በተደረገ አስተማማኝ ሙከራ የተደገፈ ሕክምና ነው ብሎ የሚናገር ሐኪምም አያገኙም።

ስለ ሁለተኛው ደግሞ «ሽንት ስለሚያስወጣ አሲዱን አጥቦ ያወጣል» የሚለው አባባል ይደጋገማል። አባባሉ ለጆሮ ይጥማል፤ ነገር ግን ሽንት ማስወጣትና ዩሪክ አሲድ ማስወጣት አንድ አይደሉም። ለደም ግፊት ከሚሰጡት መድኃኒቶች መካከል ታያዛይድ የሚባሉት ሽንትን አብዝተው ሳለ ዩሪክ አሲድን ከፍ ያደርጋሉ፤ ሪህ ያለበት ሰው እነዚህን ሲጀምር ሐኪሙ የሚጠነቀቀውም ለዚህ ነው። እንግዲህ አንድ ቅጠል ሽንት ቢያስወጣ እንኳ ይህ ብቻውን ለሪህ ምስክር አይሆነውም።

አባትዎ ቅጠሉን እንደ ማንኛውም ጎመን በምግብነት ቢመገቡት ከሪህ አንጻር የምቃወምበት ምክንያት የለኝም። የምቃወመው መድኃኒታቸውን አቋርጠው ወይም ቀንሰው በሻይ እንዲተኩት ነው። በነገራችን ላይ የሚወስዱት መድኃኒት ምን ምን እንደሆነ ቢገልጹልን መልሱ የተሟላ ይሆናል።

መልስ 6 | የጥንት ወዳጅ

ከቀማሚ ጋር በአክብሮት አልስማማም። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ለዚህ ተክል «ፖዳግራሪያ» የሚለውን ስም የሰጠው በእግር ላይ ለሚነሣው ሪህ ያገለግል ስለነበረ ነው። በመካከለኛው ዘመን መነኮሳት በገዳማቸው አጸድ ይተክሉት ነበር፤ ቅጠሉን ወቅጠው በታመመው መገጣጠሚያ ላይ ያስሩት፣ ተፍልቶም ያጠጡት ነበር። ሰዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ያለ ምክንያት አንድ ቅጠል ላይ ሙጥኝ ይላሉ ብሎ ማሰብ ይከብደኛል። ዘመናዊው ሕክምና ራሱ ከዕፅዋት የወሰደው ብዙ አይደለም እንዴ?

መልስ 7 | ቀማሚ

ከዕፅዋት መውሰዱን አልክድም፤ ምሳሌውም በራሱ በሪህ ታሪክ ውስጥ አለ። ኮልቺከም የሚባለው አበባ ከጥንት ጀምሮ ለመገጣጠሚያ ሕመም ሲሰጥ የኖረ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1820 ፔልቲየና ካቫንቱ የተባሉ ፈረንሳውያን ኬሚስቶች ኮልቺሲንን ከእሱ ለይተው አወጡ፣ ዛሬም ሐኪሞች የሪህን ቅስቀሳ ለማብረድ ያዙታል። ኮልቺከም እንደ ባህላዊ መድኃኒት ጀምሮ መመርመሪያውን አልፏል። ያለፈው ጥንታዊ ስለሆነ ሳይሆን ውጤቱ ሲለካ ስለተገኘ ነው፤ በዚያው ላይ ተክሉ ራሱ ገዳይ በመሆኑ ልኩ በሚሊ ግራም ካልተወሰነ አይሰጥም። ኤጎፖዲየም በዚያው ዘመን፣ በዚያው በሽታ ላይ ሲሠራበት ኖሮ እስከዚህ አልደረሰም።

ሰዎች ለምን ሙጥኝ አሉ ለሚለው ደግሞ በሽታው ራሱ መልስ ይሰጣል። የሪህ ቅስቀሳ ምንም ባይደረግለት እንኳ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ ይበርዳል። በሦስተኛው ቀን የታሰረ ቅጠል በአሥረኛው ቀን መመስገኑ አይቀርም። የተወቀጠውን ቅጠል ማሰር ያቀዘቅዝ ይሆናልና ምቾት ቢሰጥ አይደንቀኝም፤ ቆዳው በሚቆጣ ሰው ላይ ግን መጀመሪያ በትንሽ ቦታ መሞከር ይገባል።

መልስ 8 | ዶማ ያዥ

እኔ ደግሞ «ንቀለው» ካሉት ሰው ጎን እቆማለሁ፤ ቢያንስ ንግግራቸው ከየት እንደመጣ ልግለጽ።

ይህ ተክል ያ ራይዞም ስላለው አንድ ሥር እንደሚነቀል ተክል አይነቀልም። አፈር ውስጥ የቀረ ትንሽ ቁራጭ፣ አንድ ዓይን እስካለው ድረስ፣ አዲስ ተክል ይሆናል፤ ቸኩሎ በዶማ የሚቆፍር ሰው አንዱን መቶ ያደርገዋል ማለት ነው። ከትውልድ አገሩ ውጭ፣ ለምሳሌ በሰሜን አሜሪካ፣ ለአትክልት ማሳመሪያ ተብሎ ከገባ በኋላ ወደ ጫካ እየወጣ በጥላ ሥር የሚኖሩትን አገር በቀል የጸደይ አበቦችና የዛፍ ችግኞች ያፍናል። ቨርሞንትና ማሳቹሴትስን የመሳሰሉ ግዛቶች መሸጡን የከለከሉት በዚህ ምክንያት ነው። ጠርዙ ነጭ የሆነው ለውበት የሚተከለው ዓይነት አዝጋሚ ቢሆንም፣ ከመካከሉ ሙሉ አረንጓዴ ቅርንጫፍ ብቅ ካለ እሱ ይበረታና ነጩን ይውጠዋል፤ ስለዚህ ማንም «ይኼኛው አይስፋፋም» ብሎ ቢሰጣችሁ አትቀበሉ።

ለማጥፋት የወሰነ ሰው ሦስት መንገድ አለው። ቦታው ጠባብ ከሆነ አፈሩን በመንሽ እያላሉ ነጩን ክር ሳይበጥሱ በእጅ መልቀም፣ ከዚያም ብቅ የሚለውን ሁሉ ሳይሰለቹ መከታተል። ቦታው ሰፊ ከሆነ ቅጠሉን አጭዶ በወፍራም ካርቶንና በጉዝጓዝ ወይም በጥቁር ላስቲክ ብርሃን እንዳያገኝ መሸፈን፤ ይህ አንድ ወቅት አይበቃውም፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ሣር ሊበቅል የሚችልበት ቦታ ከሆነ ደግሞ ወደ ሣር ቀይሮ ቶሎ ቶሎ ማጨድ፤ ቅጠሉ በተቆረጠ ቁጥር የተጠራቀመው ስንቅ ስለሚያልቅ ከዓመት ዓመት ይመነምናል። ፀረ አረም ኬሚካል የሚጠቀሙ አሉ፤ ግላይፎሴት እንኳ በአንድ ርጭት አይጨርሰውም። የሚበላ ቅጠል በሚለቀምበት ቦታ ላይ መርጨት ደግሞ ፈጽሞ አይታሰብም።

መልስ 9 | ባለ ድስት

ለዶማ ያዥ፦ በየሳምንቱ መቁረጥ ያዳክመዋል ካሉ፣ መብላትም አንድ የማዳከሚያ መንገድ ነው ማለት ነው። ሁለታችን የምንጣላበት ነገር አላገኘሁም።

መልስ 10 | ዶማ ያዥ

ሰው የሚበላው ለጋውን ብቻ መርጦ እኮ ነው፤ የጠነከረውን ትቶ ይሄዳል፣ ተክሉም በተተወው ቅጠል ስንቁን ይሞላል። ሁሉንም መሬት ድረስ አጭደው ከታጨደው መካከል ለጋውን የሚለቅሙ ከሆነ ግን እስማማለሁ።

መልስ 11 | ዛፍ ጥላ

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። በተሰጠኝ መመሪያ መሠረት ተመለከትኩት። ከዛፎቹ ሥር ያለው ዘንጉ ሦስት ማዕዘን ነው፣ ቅጠሉ በሦስት ሦስት የተከፈለ ነው፣ ነጩ ራይዞምም አለ፤ ነጠብጣብ ያለበት አንድም አላገኘሁም። ሆኖም ከቦታው ዳር፣ የዝናብ ውሃ በሚወርድበት ቦይ አጠገብ፣ ቅጠሉ ይበልጥ የተበጣጠሰና አገዳው ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ያለበት ተክል በጥቂቱ አለ። እሱን ምን ላድርገው?

አባቴ የሚወስዱት አሎፑሪኖል ነው፤ ከእሱ ሌላ ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን ይወስዳሉ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሴለሪ ሲበሉ አፋቸውን እንደሚበላቸውም አሁን ነገሩኝ።

የመጨረሻው ጥያቄዬ ለዶማ ያዥ ነው። ሁሉንም ላጠፋው አልፈልግም፤ ከፊሉን ለምግብ አስቀርቼ የቀረው ወደ አትክልቱ እንዳይገባ መከልከል ይቻላል? ዛፎቹ ያረጁ ስለሆኑ መቆፈሩም ያስፈራኛል።

መልስ 12 | ቀማሚ

የመድኃኒቶቹን ስም መጠየቄ ለዚህ ነበር። አሎፑሪኖል ዩሪክ አሲድ ሲመረት ከምንጩ የሚገታ መድኃኒት ነው፤ የሚጠቅመው በየቀኑ ሳይቋረጥ ሲወሰድ ሲሆን፣ ሕመም የለም ተብሎ ከተተወ አሲዱ ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ በእሱ ላይ ምንም ለውጥ አይደረግ።

ዋርፋሪን ግን ሌላ ነገር ያመጣል። አረንጓዴ ቅጠሎች ሁሉ ቫይታሚን ኬ አላቸው፤ ይህ ቫይታሚን ደግሞ የዋርፋሪንን ሥራ ይቃወማል። ችግሩ ቅጠል መብላት አይደለም፤ የአንድ ሳምንት ብዛትና የሌላው ሳምንት ባዶነት ነው። በጸደይ በየቀኑ ድስት ሙሉ ኤጎፖዲየም በልተው ከዚያ በድንገት ቢያቆሙ የደማቸው ምርመራ ውጤት ሊዋዥቅ ይችላል። መጠኑን ትንሽና ተመሳሳይ ያድርጉት፤ ከመጀመራቸው በፊትም ዋርፋሪናቸውን ለሚከታተለው ሐኪም ይንገሩ።

ከሁሉ በላይ ትኩረቴን የሳበው ግን የሴለሪው ጉዳይ ነው። ሴለሪ ሲበላ አፍ የሚያሳክከው ሰው አለርጂ ሊኖረው ይችላል፤ የሴለሪ አለርጂ ያለበት ሰው ደግሞ በዚሁ ቤተሰብ ባሉ ሌሎች ተክሎችም ሊቆጣ ይችላል። የከንፈር ወይም የጉሮሮ እብጠት፣ የመተንፈስ ችግር ከዚህ በፊት አጋጥሟቸው ከሆነ ጭራሽ እንዳይቀምሱት። ባያጋጥማቸውም ሐኪም ሳያማክሩ፣ በተለይ ጥሬውን፣ እንዲሞክሩ አልመክርም። ለእርሳቸው ይህ ተክል ከመድኃኒትነቱ ይልቅ ጥንቃቄው የሚያመዝን ይመስለኛል። እርስዎ ግን አለርጂ ከሌለብዎ መብላትዎን አይከለክልዎትም።

መልስ 13 | ዕፅ መርማሪ

በቦይ አጠገብ ያለው ሄምሎክ ሊሆን ይችላል፤ ነጠብጣብ ያለበት አገዳው ፀጉራም ከሆነ ደግሞ ያ የጥላው ኬሮፊለም ነው። ለእርስዎ ውሳኔ ልዩነቱ ትርጉም የለውም፤ ሁለቱም ወደ ድስት አይገቡም። ጓንት አድርገው፣ ረጅም እጅጌ ለብሰው ከነሥሩ ያውጡት፤ ማጨጃ ማሽን አይጠቀሙ፣ አያቃጥሉትም። ሄምሎክ ከደረቀ በኋላም መርዙ ስለማይጠፋ ልጆችና ከብቶች በማይደርሱበት ሁኔታ በከረጢት አሽገው ያስወግዱት። በዚያ አካባቢ ዘሩ መሬት ላይ ሊኖር ስለሚችል በሚቀጥሉት ዓመታት የሚበቅለውን ችግኝ እየተከታተሉ ይንቀሉ፤ ለምግብ የሚለቅሙትም ከቦዩ ርቀው፣ በዛፎቹ መካከል ካለው ብቻ ይሁን። ለቅሞ ቅርጫት መሙላት ሲጀመር ዓይን ይሰንፋል፤ ስለዚህ በጅምላ አጭደው ቤት ውስጥ ከሚለዩ ይልቅ እያንዳንዱን ዘንግ እዚያው ሲቆርጡ ይመልከቱ።

መልስ 14 | ዶማ ያዥ

ዕፅ መርማሪ አሁን ስለ አለቃቀም የጻፉት ቀደም ሲል ካልኩት ይበልጣልና የሚበሉትን በእሳቸው መንገድ ይልቀሙ፤ የቀረውን ከዚያ በኋላ ይጨዱ።

ድንበር ማድረግ ይቻላል። ራይዞሙ ከአፈሩ ወለል ብዙ ስለማይርቅ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች የሚገባ ጠንካራ ፕላስቲክ ወይም ቆርቆሮ በአትክልቱ ወሰን ላይ ቀጥ አድርጎ መቅበር ያግደዋል፤ ከላይ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቅ ይበል፣ አለበለዚያ በላዩ ተሻግሮ ይሄዳል። የድንበሩ ጉድጓድ ከዛፎቹ ግንድ ራቅ ብሎ በአትክልቱ በኩል ይቆፈር። ከዛፎቹ ሥር ግን አይቆፍሩ፤ ያረጀ ዛፍ ውሃ የሚመጥባቸው ቀጫጭን ሥሮች ኤጎፖዲየም በሚሳብበት በዚያው ጥልቀት ላይ ናቸውና፣ አረሙን ለማውጣት የሚደረገው ቁፋሮ ዛፉን ይጎዳል። እዚያ ማጨድ ብቻ ይበቃል። ለዘለቄታው ላስቲክ መሸፈንም ለዛፉ ሥር አይስማማም፤ ካርቶንና ቅጠላ ቅጠል ግን አየርና ውሃ ያሳልፋል።

የሚያብብ ካለ አበባው ፍሬ ሳይዝ ይቁረጡት። የነቀሉትን ራይዞም በቀጥታ ወደ ኮምፖስት አይጨምሩ፤ በፀሐይ ላይ በድንጋይ ወይም በሲሚንቶ ወለል አሰጥተው ተሰባሪ እስኪሆን ያድርቁት፣ ወይም በባልዲ ውሃ ውስጥ ክዳን አድርገው እስኪበሰብስ ይተዉት። የመጨረሻ ቃሌ፣ ከዚያ ቦታ ሌላ አበባ ከነአፈሩ ነቅለው ለጎረቤት ከመስጠትዎ በፊት ሥሩን በውሃ አጥበው ነጭ ክር አለመኖሩን ይመልከቱ፤ ይህ ተክል ከአጸድ ወደ አጸድ የሚዛወርበት ዋናው መንገድ እሱ ነው።